ነፃው ወይስ የሚከፈልበት? የአድራሻ መዝገባችን በማን እጅ ይደር

በአትላስ አካባቢ ለጀመዓ ተወካዮች የቀረበ ንግግር





በሥራ ቀን ማምሻ፣ በዚህ በአትላስ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ቡለቲናችንን በየጁሙዓው በኢሜይል ለማድረስ ከተስማማን ወዲህ ግን ከአትላስ እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ባሉ ጀመዓዎች አንድ ጥያቄ እየተነሳ ነው፤ በነፃው አገልግሎት እንላከው ወይስ በሚከፈልበት? ወጣቶቻችን "ነፃ እያለ ዶላር ፍለጋ ለምን እንንከራተታለን?" ይላሉ። ነጋዴ ወንድሞቻችን ደግሞ "ነፃ ነገር መጨረሻው አያምርም፣ ከፍለን እንገላገል" ይላሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል ብለን እናምናለን። የአድራሻው መዝገብ ማን ዘንድ ይቀመጣል?

ይህን ለምን እንደምናስቀድም እንንገራችሁ። ድሮ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ መጽሔትና ጋዜጣ ሲሸጥ፣ አንባቢው ሳንቲሙን ከፍሎ ወረቀቱን አጥፎ ይሄድ ነበር። ማንም ስሙን አልጠየቀውም። ሻጩም ማን እንደገዛው አልመዘገበም። በኢሜይል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንባቢው ምንም አይከፍልም፤ ስሙንና አድራሻውን ግን ይሰጠናል። ስለዚህ ገና አንድ ቡለቲን ሳንልክ የሰው አማና ተቀብለናል ማለት ነው። ክፍያውን በዶላር እናስብ ወይስ በብር ከማለታችን በፊት ይህ ይታሰብ።

በመጀመሪያ ወደ ኢሜይል ለምን አዘነበልን? በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ እንቅስቃሴ ድምፁን በአብዛኛው ያሰማው በፌስቡክ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ መልእክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከጅማ ሐረር ይደርስ ነበር። ይሁንና ፌስቡክ ለገጽ ባለቤት የተከታዮቹን አድራሻ አይሰጥም። ገጹ የጠፋ ዕለት ተከታዩም አብሮ ይጠፋል። የቴሌግራም ቻናልም በዚህ በኩል ያው ነው።

ከዚያ የካቲት 2015 መጣ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ዙሪያ ችግር በተፈጠረበት ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ጉዳዩ የእኛ አልነበረም፤ መዘጋቱ ግን የሁላችንም ሆነ። እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ገደማ፣ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ቆዩ። በእነዚያ ወራት ጂሜይል እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር።

ኢሜይል ተአምር ይሠራል ማለታችን ግን አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ኢሜይልም አብሮ ተቋርጧል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋም የደሴና የኮምቦልቻ ወንድሞቻችን ምንም አልደረሳቸውም። ሆኖም ኢሜይል ይጠብቃል። ደብዳቤው በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰውየው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሲመጣ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ሲገባ ከነቀኑ ያገኘዋል። በፌስቡክ ቢሆን የወር በፊት መልእክት በሌላው ጎርፍ ተውጦ የት ይገኛል?

አሁን ወደ ነፃዎቹ እንምጣ። ነፃነታቸው በልክ ነው። ብዙ ወጣቶቻችን የሚያውቁትን ሜይልቺምፕን እንውሰድ። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ተመሠረተ፤ በ2009 ነፃ አገልግሎት ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ ኢንትዊት የተባለ ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ለዓመታት እስከ 2,000 ተመዝጋቢ ያለውን ሰው ሳያስከፍል አስተናግዷል። ከሽያጩ በኋላ፣ በ2023፣ ነፃው ወደ 500 ተመዝጋቢና በወር 1,000 ደብዳቤ ወረደ።

እስቲ እናስላው። እኛ በየጁሙዓው እንልካለን። በዚያ ልክ አራት ጁሙዓ ባለው ወር 1,000 ደብዳቤ ማለት ለ250 ሰው ማለት ነበር። አምስት ጁሙዓ ሲገጥም ወደ 200 ይወርድ ነበር። ማስታወቂያው ላይ "500 ሰው" ተብሎ የተጻፈው በወር ሁለት ጊዜ ለሚልክ ብቻ ነበር። ነፃ የሚለውን ቃል አይታችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት እንዲህ አባዙት።

ከመጠኑ የባሰው ግን ዕድሜው ነው። ታይኒሌተር የሚባል፣ ለትናንሽ ጸሐፊዎች የተመቸ፣ ምንም የማያስከፍል አገልግሎት ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ሜይልቺምፕ ገዛው፤ በየካቲት 29 ቀን 2024 ዘጋው። ሬቭዩ የሚባለውን ትዊተር በጥር 2021 ገዝቶ በጥር 2023 ዘጋው፤ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ያሁ ግሩፕስም በታኅሣሥ 2020 ተዘጋ። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ከሠላሳ ዓመት በፊት ኢኢዲኤንን በመሰሉ የኢሜይል መድረኮች የሀገራቸውን ወሬ ሲለዋወጡ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከእነዚያ ንግግሮች አንዳንዱን ያተረፈው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀረ ሰው ነው። የሚዘጋ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ "ፋይላችሁን አውርዱ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ችግሩ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ሂሳቡን ለከፈተው ልጅ መሆኑ ነው። ልጁ ደግሞ ምናልባት ዱባይ ሄዷል፣ ወይም ያንን ኢሜይል ከከፈተው ዓመት አልፎታል።

ሰብስታክን የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ ለነፃ ቡለቲን የተመዝጋቢ ቁጥር አይገድብም። ገቢው ጸሐፊው አንባቢውን ሲያስከፍል የሚቆርጠው 10 በመቶ ነው። ክፍያው የሚያልፍበት ስትራይፕ ግን በኢትዮጵያ ላለ ባለሂሳብ አይሠራም። እኛም አንባቢያችንን የማስከፈል ሐሳብ የለንም። ስለዚህ ከእኛ ምንም አያገኝም፤ ምንም የማያገኝብን ኩባንያ ደግሞ ነገ አሠራሩን ሲቀይር እኛን አያስብም። ያም ሆኖ መዝገቡን በማንኛውም ሰዓት በፋይል አውርዶ መውሰድ ያስችላል። በዚህ ምክንያት ከነፃዎቹ ሁሉ እሱን መርጠናል።

አንዳንድ ጀመዓዎች ደግሞ ምንም አገልግሎት ሳይፈልጉ ከተራ ጂሜይል ይልካሉ። ይህን አሠራር በግልጽ እንቃወማለን። አንደኛ፣ ተራ ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም። 1,500 ሰው ያለው ጀመዓ በሦስት ቀን ከፋፍሎ ይልካል፤ የጁሙዓው ቡለቲን ለመጨረሻዎቹ እሑድ ይደርሳቸዋል። ይህስ ይሁን። ዋናው አደጋ ሌላ ነው። የሚልከው ልጅ አድራሻዎቹን ተቀባዮች እርስ በርስ በማይተያዩበት፣ ቢሲሲ በሚባለው መስመር ማስገባቱን ረስቶ በላይኛው መስመር ካስገባ፣ የጀመዓው ሙሉ የስም ዝርዝር ለሁሉም ተቀባይ ተበተነ። አንዱ ተቀባይ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፈው ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል። አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። አንድ የደከመ ልጅ ከዒሻ በኋላ በአንድ መስመር ተሳስቶ የብዙ ሰው አማና ሊያፈስ በሚችልበት መሣሪያ ላይ የጀመዓ ሥራ አይቆምም።

ወደ ሚከፈልበት እንለፍ። ነጋዴ ወንድሞቻችን ያሉት ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ለከፈለ ሰው ደንበኛ ክፍል መልስ ይሰጠዋል። በደብዳቤው ግርጌ የኩባንያው ምልክት አይለጠፍበትም። ሂሳቡ በስህተት ሲታገድ የሚያናግረው ሰው ያገኛል። አንድ የምናውቀው የወጣቶች ስብስብ በነፃ ይጠቀምበት የነበረ አገልግሎት ሐሙስ ማታ ሂሳቡን አግዶበት፣ ጁሙዓን ሙሉ ከማሽን በሚመጣ መልስ ሲንከራተት ውሏል። ስልክ የለ፣ ሰው የለ። የኩባንያውን ስም አንጠራም፤ ሌላው ጋ ቢሆንም ያው ነበርና።

ነገር ግን ክፍያው ራሱ ሌላ እስር አለው። ዋጋው በዶላር ነው፣ የሚከፈለውም በካርድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ከመንሳፈፉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ በወር 30 ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት 1,700 ብር አካባቢ ያስወጣ ነበር። ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው አገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። አገልግሎቱ አልተሻሻለም፣ ተመዝጋቢው አልጨመረም። በብር ለሚዋጣ ጀመዓ ይህ ቀላል አይደለም።

ብዙዎቻችን የምንወጣበት መንገድ ደግሞ ይታወቃል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ወንድም "በእኔ ካርድ ይቆረጥ" ይላል። አላህ ይስጠው፣ በቅንነት ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ወንድማችን ሥራ ሲቀይር ግን ክፍያው ይቆማል፤ ሂሳቡም መላክ ያቆማል። በእሱ ስም ስለተከፈተ እኛ መግባት አንችልም። የከፈልነው ከተቸገርን ሰው እንድናገኝ ነበር፤ አሁን ሰውየው በስምንት ሰዓት ልዩነት ተኝቷል።

ሌላም አለ፤ የሚከፈልባቸው አብዛኞቹ የሚያስከፍሉት በተመዝጋቢ ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ ይህ እንዴት እንደሚሆን እንተዋወቃለን። ብዙ አባቶቻችን ጂሜይል አላቸው፤ የከፈተላቸው ግን ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው። አድራሻውን አያስታውሱትም፣ የይለፍ ቃሉንም አያውቁም። በመስጂድ በር ላይ መዝገብ ዘርግተን "ኢሜይል ጻፉ" ስንላቸው ልጃቸውን ጠርተው ያስጽፋሉ። ያ አድራሻ ወይ በአንዲት ፊደል ይሳሳታል፣ ወይ ተከፍቶ አያውቅም። ለእንዲህ ያለ የሞተ አድራሻ ሁሉ በየወሩ በዶላር እንከፍላለን። ወደማይገኝ አድራሻ ደጋግሞ የላከ ላኪ ደግሞ በጂሜይል ዘንድ ስሙ ይበላሻል፤ ለሕያዋኑም የሚልከው ወደ ስፓም ይገባል። ስለዚህ እንከፍልም አንከፍልም፣ መጀመሪያ መዝገባችንን እናጽዳ። የተመዘገበ ሰው የማረጋገጫ ደብዳቤ ተልኮለት "አዎ፣ ላኩልኝ" ብሎ ሳይጫን ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ። ቁጥሩ በግማሽ ቢቀንስ አንደንግጥ። የቀሩት የሚያነቡ ናቸው።

ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የነገሩን የኮምፒውተር ባለሙያ ወንድሞች አሉ። ሊስትመንክ የተባለ ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር አለ፤ በተከራየነው ትንሽ ሰርቨር ላይ ይጫናል። መዝገቡ እኛው ጋ ይቀመጣል። ደብዳቤዎቹን ብቻ እንደ አማዞን ያለ ድርጅት ያደርስልናል፤ ዋጋውም በሺህ ደብዳቤ 10 ሳንቲም የአሜሪካ ነው። ለ1,500 ሰው በወር አራት ጊዜ ብንልክ 6,000 ደብዳቤ፣ 60 ሳንቲም መሆኑ ነው። የሰርቨሩ ኪራይ ሲጨመር በወር 5 ወይም 6 ዶላር ቢሆን ነው። ከብዙዎቹ የሚከፈልባቸው ይረክሳል። ነገር ግን ሰርቨር እንደ ጀነሬተር ነው፤ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። ያ ባለሙያ ወንድም ሲያገባ፣ ሥራ ሲበዛበት ወይም ሀገር ሲለቅ ማን ይረከበዋል? ሁለት ተተኪ የሌለው ጀመዓ ወደዚህ መንገድ ባይገባ እንመርጣለን።

በአብዛኞቹ መንገዶች የማይቀር አንድ ወጪ አለ፤ የራሳችን ዶሜይን። ከጥር 2016 መጨረሻ ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ላይ ጥብቅ ሕግ አውጥተዋል። ደብዳቤው በእርግጥ ከእኛ መላኩን የሚያሳይ የቴክኒክ ፊርማ ይጠይቃሉ፤ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ደግሞ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫ ያስገድዳሉ። ተራ የጂሜይል አድራሻን ላኪ አድርጎ በሌላ አገልግሎት በኩል የሚልክ ሰው ደብዳቤው ስፓም ውስጥ ቢያገኘው አይገረም። ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ጥቅሙ ከፊርማውም ያልፋል። ነገ አገልግሎት ብንቀይር የምንልክበት ስም አይቀየርም፤ አንባቢው ከማን እንደመጣለት ያውቃል።

እዚህ ላይ በፈገግታ የምንነግራችሁ ነገር አለ። እኛ ረጅም መግለጫ መጻፍ እንደምንወድ የታወቀ ነው። አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ጂሜይል ደግሞ ከ102 ኪሎባይት ያለፈ ደብዳቤ ከመሃል ይቆርጠዋል። ምንም ጌጥ ባይኖረው እንኳ ከ34,000 የግዕዝ ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው፤ አገልግሎቶቹ የሚጨምሩት ጌጥና ሳጥን ሲቆጠር ልኩ በእጅጉ ይቀንሳል። ከሚቆረጠው ጋር ግርጌ ላይ ያለው የመውጫ መስመርም ይደበቃል። ይህን ክፍያ አይፈታውም። በሚከፈልበት ያሉት ያማሩ ቅርጾች እንዲያውም ያብሱታል። ጌጡን ትተን ጽሑፉን ብቻ እንላክ፤ የሞባይል ዳታ የሚገዛው አንባቢያችንም ያመሰግነናል።

አሁን ወደ አማናው እንመለስ። አብዛኞቹ አገልግሎቶች፣ ነፃም ይሁኑ የሚከፈልባቸው፣ በየደብዳቤው ውስጥ ለዓይን የማትታይ ጥቃቅን ሥዕል ያስቀምጣሉ። አንባቢው ሲከፍተው ማን፣ መቼ፣ ብዙ ጊዜም ከየት እንደከፈተው ይመዘገባል። ለሱቅ ማስታወቂያ ይጠቅም ይሆናል። ለእኛ ግን የትኛው ምእመን የትኛውን መልእክት እንዳነበበ የሚያሳይ መዝገብ ማከማቸት ምን ይሠራልናል? የሌለንን ማንም አይወስድብንም። ስለዚህ ይህን መከታተያ ማጥፋት የሚፈቅድ አገልግሎት ብቻ እንመርጣለን፤ የማያስጠፋ ከሆነ ነፃም ቢሆን፣ ርካሽም ቢሆን ይቅርብን። ከመንግሥትም በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ኃላፊነት አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ማስጠንቀቂያ አለን። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማታለያ አድርጎ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ላይ መዋሉን ይፋ አድርጓል። ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ ፋይሉን ይከፍታል፤ ዘዴው ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ቡለቲናችን ምንጊዜም ፋይል አያያይዝም። ጽሑፉ በደብዳቤው ውስጥ ይሆናል፣ አለቀ። በእኛ ስም ፋይል የተያያዘበት ደብዳቤ ከደረሳችሁ የእኛ አይደለም፤ አትክፈቱት፤ ለጎረቤታችሁም ንገሩ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እንግዲህ የምናቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው። ዶሜይኑን በብር መዋጮ ከሁሉ በፊት እንግዛ፤ ሂሳቡም በአንድ ሰው ስም ሳይሆን ለዚሁ በተከፈተ የጋራ አድራሻ ይመዝገብ። መላኩን በነፃው እንጀምር፤ መዝገቡን ማውረድ በሚያስችለውና መከታተያውን ማጥፋት በሚፈቅደው። በወሩ መጀመሪያ ጁሙዓ መዝገቡ ይወርድና በፍላሽ ተደርጎ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጥ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት የማይኖሩ ይሁኑ። ዳያስፖራ ያሉ ወንድሞቻችን ሊረዱን ሲፈልጉ በካርዳቸው ወርሃዊ ክፍያ ከሚገቡልን የዶሜይኑን ሦስትና አራት ዓመት አንድ ጊዜ ቢከፍሉልን እንመርጣለን። የነፃው ልክ ሲሞላ፣ የጸዳ መዝገባችንን ይዘን ወደሚከፈልበት ወይም ወደ ራሳችን ሰርቨር እንሻገራለን፤ ያኔ የምንከፍለው ለሕያው አንባቢ ይሆናል።

በቀጣዩ ጁሙዓ ከየጀመዓው ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት፣ በወረቀት ያለውን መዝገብ ይዘው ይምጡ። የእህቶች መዝገብ ለብቻው በእህቶች እጅ ይተየባል። ወረቀቱ ተተይቦ ሲያበቃ እዚያው ለአምጪው ይመለሳል። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አይፈቀድም፤ ለመኪና ኪራይ የቸገረው ካለ እኛ ጋ ይደውል። ጥያቄ ያላችሁ ከመግሪብ በኋላ እዚሁ እንቆያለን ኢንሻአላህ።